የቀጥተኛ መንገድ ፍጥንጥነት በአሰንዳቦ ከፍታ፦ ከሁለት የስፖርት መኪኖች ወደ አገር አቋራጭ ሚኒባስ

ከሁለት መኪኖች የትኛው እንደሚፈጥን ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ይኸውም መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ የሚፈጅበት ሰከንድ ነው። አምራቾች ይህን ቁጥር ያትማሉ፤ መጽሔቶች ያነጻጽሩታል፤ ገዥም ይተማመንበታል። ይሁንና ቁጥሩ የመኪናው ባሕርይ ብቻ አይደለም። ሞተሩ የተነፈሰውን አየር፣ ጎማው የረገጠውን አስፋልት፣ የመንገዱንም ተዳፋት በውስጡ ይዟል። እነዚህ ሲለወጡ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ከዚያም አልፎ በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ይለወጣል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ሁለተኛውን ነጥብ ነው።

ለምርመራው የተመረጠችው ስፍራ አሰንዳቦ ናት። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ አላት። የውኃ ምህንድስና ተማሪዎች የሚያውቋት በግልገል ጊቤ ወንዝ የፍሰት መለኪያ ጣቢያ ነው፤ ሾፌሮች የሚያውቋት ግን ከሰኮሩ እስከ ሰርቦ ባለው፣ ቡና የጫነ መኪና፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅና ከብት አብረው በሚሄዱበት መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ፍጥንጥነት የመዝናኛ ጉዳይ አይደለም። ከፊት ያለውን ከባድ መኪና ቀድሞ ማለፍ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው።

የአየሩ መሳሳት

በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ1,800 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከ101.3 ወደ 81.5 ኪሎ ፓስካል ግድም ይወርዳል። የቀኑ ሙቀት 25 ዲግሪ ቢሆን የአየሩ እፍግታ በሜትር ኩብ 0.95 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ማለትም ከመደበኛው 22 በመቶ የሚሆነው ጎድሏል። ለማነጻጸር ያህል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚጓዝ መኪና ጉዞውን የሚጀምረው በ0.91 ግድም ነው፤ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ፣ ቆላው ሞቃት ቢሆንም፣ 1.02 ይደርሳል፤ ከዚያ ወጥቶ አሰንዳቦ ሲደርስ እንደገና ወደ 0.95 ይወርዳል። አንዱ ሞተር በግማሽ ቀን ጉዞ ሦስት የተለያዩ ሞተሮች ይሆናል ማለት ይቻላል።

ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር አየር የሚያገኘው ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ በሚፈጠረው ክፍተት ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚይዘው ይዘት አይለወጥም፤ በዚያ ይዘት ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ግን ከአየሩ እፍግታ ጋር ይቀንሳል፤ የሚቃጠለው ቤንዚንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 85 ለዚህ የእርማት ስሌት አለው፤ በቤንዚን ሞተር የማመሳከሪያው ደረቅ አየር ግፊት፣ 99 ኪሎ ፓስካል፣ ለስፍራው ደረቅ አየር ግፊት ይካፈልና በ1.2 አርቢ ከፍ ይላል። የውኃ ተን ድርሻ ሲቀነስ የአሰንዳቦ ደረቅ ግፊት 79.8 ኪሎ ፓስካል ግድም ይሆናል፤ እርማቱም 1.29 ነው። በሌላ አነጋገር ሞተሩ ከተጻፈለት ኃይል 77 ወይም 78 በመቶውን ብቻ ይሰጣል። ከዚህ በታች ባሉት ስሌቶች 78 በመቶ ተወስዷል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ያው ደንብ የእርማቱ መጠን ከ0.93 እስከ 1.07 ባለው ክልል እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከዚያ ከወጣ የሙከራው ሁኔታ በሪፖርቱ በዝርዝር መጻፍ አለበት። 1.29 ከክልሉ እጅግ የራቀ ነው። ለኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ልዩ የሚባለው ሁኔታ የየዕለቱ ሁኔታ ነውና፣ ከውጭ የመጣ የኃይል ቁጥርን ሳይመረምሩ መውሰድ ትልቅ ስሕተት ላይ ይጥላል።

ቱርቦ ያለው ሞተር ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ያስገባል። የመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር በመግቢያው ቱቦ ውስጥ የሚፈልገው ፍጹም ግፊት ስለሆነ፣ ውጩ ሲሳሳ ቱርቦው በበለጠ ፍጥነት እየዞረ ጉድለቱን ይሞላል። ይህ ገደብ አለው፤ ቱርቦው ሊዞር ከሚችለው በላይ መሄድ አይችልም፣ የተጨመቀው አየርም ይበልጥ ይሞቃል። በ1,800 ሜትር ግን ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላ ነው።

ሁለቱ የስፖርት መኪኖች

ንጽጽሩ ንጹሕ እንዲሆን ከአንድ አምራች፣ ከአንድ ትውልድ የወጡ ሁለት መኪኖች ቢወሰዱ ይመረጣል። የፖርሽ 911 ትውልድ 992 ለዚህ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጂቲ3 ባለ 4.0 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር የሚደርስ ሞተር አለው፤ ኃይሉ 510 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱም በባለ ሁለት ክላች ማርሹ 1,435 ኪሎ ግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ቱርቦ ኤስ ሁለት ቱርቦ ያለው ሲሆን 650 የፈረስ ጉልበትና 1,640 ኪሎ ግራም ክብደት አለው። ጂቲ3 በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ይነዳል፤ ቱርቦ ኤስ በአራቱም። አምራቹ ለጂቲ3 የሰጠው ጊዜ እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት 3.4 ሰከንድ፣ እስከ 200 ደግሞ 10.8 ሰከንድ ነው። ለቱርቦ ኤስ 2.7 እና 8.9 ሰከንድ ነው። እነዚህ ጊዜያት በዚህ ጽሑፍ ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆነ አየር እንደተለኩ ተወስደዋል።

ኃይል ለክብደት ሲካፈል ቱርቦ ኤስ በባሕር ጠለል ጂቲ3ን የሚበልጠው በ11 ወይም 12 በመቶ ብቻ ነው። በአሰንዳቦ የጂቲ3 ኃይል ወደ 398 የፈረስ ጉልበት ይወርዳል። የቱርቦ ኤስ ኃይል ሙሉ በሙሉ ከተጠበቀ ብልጫው ወደ 43 በመቶ ያድጋል። ከመኪኖቹ አንድም ብሎን ሳይለወጥ የንጽጽሩ ውጤት ወደ አራት እጥፍ ሰፋ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ልዩነት ብዙ ሰው በሚጠቅሰው ቁጥር ላይ፣ ማለትም እስከ 100 ባለው ጊዜ፣ በግልጽ አይታይም። ምክንያቱ ጎማው ነው። ከቆመበት በሚነሣበት ጊዜ የጂቲ3 ሞተር ጎማው ወደ አስፋልቱ ሊያስተላልፍ ከሚችለው በላይ ኃይል አለው፤ በግምታዊ ስሌት እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ግድም ድረስ የሚወስነው ጎማው እንጂ ሞተሩ አይደለም። በአሰንዳቦ ይህ ወሰን ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይወርዳል፤ የሞተሩ ድካም የሚታየው ከዚያ በኋላ ባለው አጭር ክፍል ብቻ ነው። በዚህ መሠረት 3.4 ሰከንድ የነበረው ወደ 3.7 ግድም ቢሄድ ነው፤ ጭማሪው ከ10 በመቶ አይበልጥም።

ከ100 እስከ 200 ያለው ክፍል ግን ሌላ ነው፤ በዚያ ክልል ወሳኙ ሞተር ነው። ከታተሙት ቁጥሮች በቅናሽ እንደሚገኘው ጂቲ3 ይህን ክፍል በ7.4፣ ቱርቦ ኤስ በ6.2 ሰከንድ ይጨርሳል። ከሾፌሩ ጋር 1,510 ኪሎ ግራም የሆነውን ጂቲ3 ከ100 ወደ 200 ለማድረስ የሚያስፈልገው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ 1.75 ሜጋ ጁል ያህል ስለሆነ፣ መኪናውን የሚያፈጥነው አማካይ ኃይል 236 ኪሎ ዋት ነበር ማለት ነው። የአየርና የጎማ ተቃውሞ፣ እንዲሁም የሚዞሩት አካላት ድርሻ ሲደመር ወደ ጎማው የደረሰው ኃይል 286 ኪሎ ዋት ግድም ይሆናል። ይህ በ0.78 ሲባዛና የቀለለው የአየር ተቃውሞ ሲቀነስ፣ በአሰንዳቦ ያው ክፍል 9.6 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለቱርቦ ኤስ በተመሳሳይ መንገድ የተሠራው ስሌት፣ ኃይሉ ሙሉ ከሆነ 6.1፣ አምስት በመቶ ቢያጣ 6.4 ሰከንድ ይሰጣል። በባሕር ጠለል 1.2 ሰከንድ የነበረው ልዩነት ከ3 ሰከንድ በላይ ሆነ። ቱርቦ ኤስ ሙሉ ኃይሉን ከያዘ እንዲያውም በሳሳው አየር ጥቂት ይፈጥናል፤ የሚጋፋው አየር ቀሏልና።

እነዚህ ቁጥሮች በስሌት የተገኙ እንጂ በሜዳ የተለኩ አይደሉም። የመንገዱ አቅጣጫ ግን የማያሻማ ነው፤ እስከ 100 ያለውን ጊዜ ብቻ የሚያይ ሰው የከፍታን ጉዳት እጅግ አሳንሶ ያያል።

ቀድሞ ማለፍ፦ የሚተርፈው ኃይል

የስፖርት መኪናው ምሳሌ ሕጉን በንጹሕ መልኩ ያሳያል፤ በአሰንዳቦ መንገድ ላይ ግን ሕጉ የሚፈጸመው በሌላ ዓይነት መኪና ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የተጫነ የጭነት መኪና ኋላ የተከተለ፣ ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ ይታሰብ። ቀድሞ ለማለፍ ፍጥነቱን ከ50 ወደ 80 ማድረስ አለበት። ሁለት ሚኒባሶች ይነጻጸሩ፤ ሁለቱም ከነጭነታቸው 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ፣ በባሕር ጠለል እኩል 70 ኪሎ ዋት የቤንዚን ሞተር ያላቸው፣ አንዱ ቱርቦ ያለው ሌላው የሌለው ይሁኑ። ማርሽ በሚቀየርበት ጊዜ የሚባክነውና ሞተሩ ከከፍተኛ ኃይሉ በታች የሚሠራበት ጊዜ ታስቦ፣ ወደ ጎማ የሚደርሰው አማካይ ኃይል ከጠቅላላው 65 በመቶ፣ ማለትም 45.5 ኪሎ ዋት ተወስዷል። የአየር ተቃውሞ ስፋቱ 1.5 ሜትር ካሬ፣ የጎማው የመንከባለል ተቃውሞ መለኪያ 0.013፣ ለሚዞሩት አካላት የተጨመረው 5 በመቶ ነው።

በባሕር ጠለል፣ በሜዳ መንገድ፣ ሁለቱም ሚኒባሶች 15 ሰከንድ ያህል ይፈጅባቸዋል። በአሰንዳቦ ቱርቦ ያለው 14 ሰከንድ፣ የሌለው 20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ኃይሉ የቀነሰው በ22 በመቶ ሆኖ ሳለ ጊዜው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ጨመረ።

ምክንያቱን መረዳት ከቁጥሮቹ ይበልጣል። መኪናን የሚያፈጥነው የሞተሩ ጠቅላላ ኃይል አይደለም፤ አየርን ለመግፋት፣ ጎማን ለማንከባለል፣ ዳገትን ለመውጣት ከሚከፈለው በኋላ የሚተርፈው ነው። ከፍታ የሚወስደው 22 በመቶ ግን ከጠቅላላው የሚወሰድ ነው፤ ወጪዎቹ፣ ከአየር ተቃውሞ በቀር፣ አይቀንሱም። ስለዚህ ጉድለቱ በሙሉ የሚወርደው በትርፉ ላይ ነው። የስፖርት መኪና ትርፉ ብዙ ስለሆነ ጉዳቱን ይችለዋል። ሚኒባሱ ግን እንደ ደሞዝተኛ ነው፤ ገቢው በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ የቤት ኪራዩ አይቀንስለትም።

ዳገት ሲጨመር ይህ ጎልቶ ይወጣል። በ2 በመቶ ተዳፋት፣ ዓይን በቅጡ በማይለየው ዳገት፣ ቱርቦ ያለው ሚኒባስ ከ50 ወደ 80 ለመድረስ 21 ሰከንድ፣ የሌለው 41 ሰከንድ ይፈልጋል። በ3 በመቶ ተዳፋት ቱርቦ ያለው በ29 ሰከንድ ይደርሳል፤ የሌለው 80 ጨርሶ አይደርስም፣ ከዚያ በታች ትርፉ ያልቅበታል። በባሕር ጠለል እኩል የነበሩ ሁለት መኪኖች በአሰንዳቦ ዳገት ላይ አንዱ ቀድሞ የሚያልፍ፣ ሌላው በግራ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ሆኑ።

በሜዳውም ቢሆን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቱርቦ ያለው ሚኒባስ ፍጥነቱን በሚጨምርበት ጊዜ 260 ሜትር ግድም ይጓዛል፤ የሌለው 375 ሜትር። በተጨማሪዎቹ 6 ሰከንዶች ከፊት በ80 የሚመጣ መኪና 135 ሜትር ያህል ይቀርባል። ሁለቱ ሲደመሩ፣ ቱርቦ የሌለው መኪና ሾፌር ከሌላው ይልቅ 250 ሜትር የሚሆን ተጨማሪ ክፍት መንገድ ማየት ይኖርበታል። በቆላ መንገድ ቀድሞ ማለፍን የለመደ፣ ወይም ትናንት ቱርቦ ያለው መኪና ሲነዳ የዋለ ሾፌር፣ ይህን 250 ሜትር በዓይኑ ልኬት ውስጥ አያስገባውም። በፍሬቻና በጡሩምባም አይተካም።

ሁለት ማስተካከያዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በአገር አቋራጭ መስመር የሚሠሩት ሚኒባሶች ብዙዎቹ ናፍጣ ናቸው። የናፍጣ ሞተር ከሚያስፈልገው በላይ አየር ይዞ ስለሚሠራ፣ ቱርቦ ባይኖረውም የኃይል መቀነሱ ከቤንዚኑ ሊያንስ ይችላል። ነዳጅ የሚሰጠው ፓምፕ ለከፍታ ካልተስተካከለ ግን ትርፍ ነዳጁ ሳይቃጠል ይወጣል፤ በዳገት ላይ የሚታየው ጥቁር ጭስ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ቱርቦ ወዲያውኑ አይደርስም። ሾፌሩ ነዳጁን ሲረግጥ ቱርቦው ፍጥነት እስኪያገኝ ድረስ ሞተሩ እንደ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው፣ በከፍታም እንደዚያው ይደክማል። የ14 ሰከንዱ ስሌት ይህን መዘግየት አልያዘም። ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩን አስቀድሞ አስነሥቶ ወደ ግራ የሚወጣ ሾፌር መዘግየቱን ከኋላው ይተወዋል፤ በከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ወጥቶ የሚረግጥ ግን በአደገኛው መስመር ላይ ይጠብቀዋል።

ኤሌክትሪክ ሞተር

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ ይህን ንጽጽር አዲስ መልክ ሰጥቶታል። ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ መሙያ ጣቢያ ነው፤ ከፍታ እምብዛም አይነሣም። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ የአሰንዳቦ 1,800 ሜትር ከጠምዛዥ ኃይሉ ምንም አይቀንስበትም። የሚቀንስበት የማቀዝቀዣው ብቃት ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድምና፣ ይህም ረጅም ዳገት ላይ ሊታይ ይችላል።

ዋናው ዕዳው ክብደት ነው። ከላይ በታሰበው ሚኒባስ ላይ 400 ኪሎ ግራም ባትሪ ቢጨመርና አማካይ ኃይሉ ያው 45.5 ኪሎ ዋት ቢሆን፣ በሜዳ ከ50 ወደ 80 ለመድረስ 16 ወይም 17 ሰከንድ፣ በ2 በመቶ ዳገት 27 ወይም 28 ሰከንድ ይፈልጋል። ከባለ ቱርቦው ያንሳል፤ ቱርቦ ከሌለው ግን በሁለቱም መንገድ በግልጽ ይበልጣል። ማርሽ በመቀየር የሚባክን ጊዜ ስለሌለው እውነተኛው ውጤቱ ከዚህ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ስሌቱ ሆን ተብሎ በጠባቡ ተይዟል። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመረቀው 184 ሜጋ ዋት የግልገል ጊቤ አንድ ኃይል ማመንጫ ከአሰንዳቦ ሩቅ አይደለም። ከፍታ ከሞተሩ ኃይል ሲወስድ፣ ውኃው ግን ከከፍታ ወርዶ ኃይል ያመነጫል።

ስለ ልኬቱ

እነዚህን ስሌቶች በሜዳ መፈተሽ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው፤ ከባድ መሣሪያም አይጠይቅም። ለትራፊክ በተዘጋ ቀጥተኛ ስፍራ፣ በሰከንድ 10 ጊዜ ፍጥነትን የሚመዘግብ የጂፒኤስ መሣሪያ፣ የአየር ግፊትና የሙቀት መለኪያ፣ እንዲሁም ሚዛን ይበቃሉ። ውጤቱ ወደ ባሕር ጠለል ታርሞ ብቻ መታተም የለበትም። እርማቱ ሁለት ሞተሮችን በላቦራቶሪ ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ በአሰንዳቦ ለሚነዳ ሰው ግን እውነቱን ይሰርዝበታል። ያልታረመው ጊዜ ከግፊቱና ከሙቀቱ ጋር ጎን ለጎን መቅረብ አለበት።

እያንዳንዱ ሩጫ በሁለቱም አቅጣጫ መደገምና አማካዩ መወሰድ አለበት። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ቀርፋፋው መኪና ከፈጣኑ ይልቅ ሜዳ የሆነ መንገድ የሚፈልግ መሆኑ ነው። የ1 በመቶ ተዳፋት በፍጥንጥነት ላይ በሰከንድ ካሬ 0.1 ሜትር ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በሰከንድ ካሬ 8 ሜትር የሚነሣ ጂቲ3 ላይ ይህ ከ1 በመቶ ብዙም የማይበልጥ ስሕተት ነው። በአማካይ 0.6 ሜትር በሰከንድ ካሬ ብቻ በሚያፈጥነው ሚኒባስ ላይ ግን ስሕተቱ 16 በመቶ ይደርሳል፤ ይህም ልኬቱ ሊያሳየው ከተነሣው የከፍታ ጉዳት ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው።